«ውኃው ይሞቃል ወይ?»
በክረምት ወደ አርሲ ደጋ ወጥቶ ማረፊያ ለሚመርጥ ቤተሰብ



ት/ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት መዋል ከጀመሩ ወዲህ በየቤታችን አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። «እኛስ የት ነው የምንሄደው?» ይላሉ ልጆች። አባት ኪሱን ይዳብሳል። እናት ደግሞ «ሄጄም እዚያው ማብሰልና ማጠብ ከሆነ ምኑ ዕረፍት ነው?» ትላለች። የእኛም ቤት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ባለፈው ዓመት፣ ሐምሌ መገባደጃ ላይ፣ ከዓርብ ጁሙዓ በኋላ ተነስተን እስከ እሁድ ማታ የቆየች አጭር ጉዞ ወደ አርሲ ደጋ አድርገን ነበር። በዚያች ጉዞ ያየነው መልካም ነገር ብዙ ነው፤ ያጋጠመን አደጋም ቀላል አልነበረም። ሁለቱም ለሌላው ቤተሰብ ትምህርት ይሆናሉ ብዬ ስላመንኩ ይህችን ጽሑፍ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

የቤተሰብ ሹራ

አብዛኞቻችን ስለ ሽርሽር ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን ሞቃት አገር ነው፤ ሶደሬ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ እንላለን። የእኛን ሐሳብ ወደ ደጋው የሳቡት ግን የባለቤቴ እናት ናቸው። እማማ ተወልደው ያደጉት በቆጂ አካባቢ ነው። ዕድሜያቸው ሰባውን አልፏል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «የገብስ ማሳ በዝናብ ሲታጠብ የሚሸተውን ሽታ አንድ ጊዜ ላሽትት» ካሉ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

አንዳንድ አንባቢ «ዘመድ እያለ ሆቴል ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ በባህላችን ዘመድ ደጃፍ አልፎ በገንዘብ ማደር ያስወቅሳል። በቆጂ የሚኖረው የእማማ ወንድም ልጅም በስልክ ሲሰማ ተቀይሞ ነበር። ነገር ግን ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሚስቱም የወለደች ገና ወር አልሞላትም። አምስት ሰው በሐምሌ ጭቃ በአራስ ቤት ላይ መውረድ ዝምድናን ማጥበቅ ሳይሆን ማስጨነቅ ነው። ስለዚህ ምሳ እሱ ዘንድ ልንበላ፣ ማደሪያችን ግን ሌላ ቦታ ሊሆን ተስማማን።

ከዚያ የማረፊያው ምርጫ መጣ። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ስልኳን ይዛ ፎቶ ስታሳየን አመሸች። አንዱ ቦታ ጎጆ የመሰሉ ክፍሎች፣ በአዳራሹ መሐል የሚነድ እሳት፣ ነጭ የተነጠፈበት አልጋ አለው። ትንሹ ወንድሟ «እሳቱ ያለበት ይሁን!» አለ። ባለቤቴ ዋጋውን ጠየቀ። እኔ ቁርስ ይኖራል ወይ አልኩ። እማማ ከጥግ ሆነው «ውኃው ይሞቃል ወይ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ማንም መልስ አልሰጣቸውም፤ ማንም ደውሎ አልጠየቀም። ባለቤቴ እሳቱ ላለበት ቦታ ቀብድ ላከ።

ወደ ደጋው

ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ አዳማ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ አለ። ከአዳማ ወደ ደቡብ ታጥፎ አዋሽን ከተሻገሩ በኋላ በዴራ፣ በኢተያና በጎንዴ አልፎ በስንዴ ምርምሩ የታወቀውን ኩሉምሳን በማየት አሰላ ይገባል።

በዚህ መንገድ ላይ ብርዱን በዓይን ማየት ይቻላል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለች ናት፤ አሰላ 2,400 ሜትር፣ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ይደርሳሉ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። አዳማ ላይ ሹራባችሁን አውልቃችሁ በቆጂ ስትደርሱ ጋቢ የምትፈልጉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ማረፊያ ከመምረጣችሁ በፊት የቦታውን ከፍታ እወቁ። ለላንጋኖ የሚበቃ አንድ ብርድ ልብስ ለበቆጂ ሌሊት አይበቃም።

ዴራ ላይ አቧራማ የነበረው ምድር ኢተያ ስንደርስ አረንጓዴ ሆነ። ከአሰላ ዳር ቆመን ወደ ምዕራብ ስናይ የዝዋይ ሐይቅ ከሩቅ እንደ ብር ሳህን ያብለጨልጫል። በምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጭላሎ ራሱን በደመና ተከናንቧል። እማማ ከመኪናው እንደወረዱ «ጭላሎን በቀኝ፣ ሐይቁን በግራ አድርጉ፤ ፊታችሁ ቂብላ ነው» አሉን። ባለቤቴ በስልኩ ኮምፓስ ሲያየው እንዳሉት ሆነ። መካ ከአሰላ ቀጥ ብላ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ስልኩን ትተው ተራራውን መፈለግ ጀመሩ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

ማረፊያው ስንደርስ ለመግሪብ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ሕንጻው በፎቶው ላይ እንዳየነው ያማረ ነው። በአዳራሹ ያለው ምድጃ ግን እሳት ከነደደበት የቆየ ይመስላል፤ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። መብራት ጠፍቷል። ጄኔሬተሩ የሚያበራው ቡና ቤቱን ብቻ ስለሆነ የክፍሎቹ የውኃ ማሞቂያ አይሠራም። ከሥር የሚጠጣው ሰው ጩኸትና ሙዚቃ እስከ ላይ ይሰማል። የአልጋው ልብስ ንጹሕ ቢሆንም እርጥበት ስለገባው ሲነኩት ይቀዘቅዛል። እንግዳ ተቀባዩ «ክረምት ነው እኮ» አለን። ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ ከመምጣታችን በፊት አንድም ነገር አልጠየቅንም።

ሁለት ክፍል ተሰጠን። እማማና ልጆቹ በአንዱ፣ እኔና ባለቤቴ በሌላው ሆንን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አንዲት ትሁት አስተናጋጅ ለእማማ አዝና ፍም የሞላበት የከሰል ማንደጃ አመጣችላቸው። «ጭሱ ውጭ አልቋል፤ ቀይ ሆኗል፤ አይዟችሁ» አለች። ልጆቹ ደስ አላቸው። ለሙቀቱ ሲባል በሩም መስኮቱም ተዘጋ። እኔም አመስግኛት ዒሻ ልሰግድ ሄድኩ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የእማማን ድምፅ ሰማሁ፤ «ተነሱ! ውጡ! በሩን ክፈቱ!» እያሉ ነበር። በባዶ እግሬ ሮጬ ስገባ ትንሹ ልጄ «እማ፣ ራሴን አመመኝ፤ ሊያስመልሰኝ ነው» ይላል። ልጄም ፊቷ ተለዋውጧል። እማማ ግድግዳ ተደግፈው በሩን በትከሻቸው ገፍተው ይዘዋል። ባለቤቴ ማንደጃውን ግቢ ውስጥ አወጣው። ሁላችንም በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሰን፣ ዝናቡ እየረጨን፣ ሌሊቱ እስኪጋመስ ተቀመጥን።

እማማ እዚያ ሆነው ያጫወቱንን አልረሳውም። በልጅነታቸው፣ በእንዲህ ያለ የሐምሌ ሌሊት፣ የጎረቤት እንግዳ ከልጁ ጋር ፍም ይዞ ተኛ። ለሱብሒ ሲጠሩ ሁለቱም አልተነሱም። «ቤቱ ሞቆ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ቀዝቅዘው ነበር» አሉ።

ስለ ከሰል ሁሉም ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የእኛ ታሪክ ብቻ አይደለም። በየክረምቱና በየውርጩ ጊዜ በአገራችን በከሰል ታፍነው የሚሞቱ ሰዎች ወሬ እንሰማለን። ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፣ ዓይንም አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሚይዘው ሰውነታችን አየር እየተነፈሰ ይታፈናል።

«ጭሱ ካለቀና ቀይ ከሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ጋዙ በብዛት የሚወጣው ያለ ጭስ ከሚግመው ከሰል ነው። አጠገቡ ውኃ ማስቀመጥ፣ ሎሚ ወይም ቅጠል መጣል አያድንም። መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተኛትም ዋስትና አይሆንም። ያለው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከሰል አለማስገባት።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የጉልበት መክዳት ናቸው። በተለይ በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ወዲያው ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጡና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። እኛ የልጆቹ ሕመም ሲለቃቸው ቸል አልን። ኋላ የጠየቅናቸው ሐኪም ግን «ቢሻላቸውም እንኳ በዚያው ሌሊት መታየት ነበረባቸው» ብለው ወቅሰውናል። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ (ሱ.ወ) ጠበቀን።

ሁለተኛው ማረፊያ

የዚያን ሌሊት ቀሪ ሰዓት አምስታችንም በአንድ ክፍል፣ ባለን ብርድ ልብስ ሁሉ ተጠቅልለን አሳለፍን። ለሱብሒ ስንነሳ ከቧንቧው የወረደው ውኃ ጣት ያደነዝዛል። ለእማማ እፎይታ የሆናቸው በውዱእ ላይ ሆነው ያጠለቁት የቆዳ ኹፍ ነበር። መንገደኛ በኹፉ ላይ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ እንዲያብስ ዲናችን ፈቅዶለታል። እግራቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ሳይነካው ሰገዱ። በብርድ ወራት ሽማግሌ ይዞ የሚጓዝ ሰው ይህን እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ።

ሲነጋ ባለቤቴ ሒሳቡን ከፍሎ ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ አነስተኛ ፔንሲዮን አገኘ። በሩ ላይ የተጻፈው ስም ደብዝዟል፤ ፎቶ የሚያነሱለት ዓይነት ቤት አይደለም። ባለቤቷ በዕድሜ ጠና ያሉ ክርስቲያን ሴት ናቸው። በዚህ ጊዜ ዕቃ ከመውረዱ በፊት እማማ ከመኪናው ሳይወርዱ ጥያቄያቸውን አቀረቡ፤ «እህቴ፣ ውኃው ይሞቃል ወይ?»

ሴትዮዋም «መብራት ካለ ይሞቃል። ከጠፋ በእንጨት አፍልቼ በባልዲ አመጣልዎታለሁ። ግን ከንጋቱ 10 ሰዓት በፊት እንድነሳ ማታውኑ ይንገሩኝ» አሉ።

እኔ ደግሞ ስለ ከሰል ጠየቅኩ። «ክፍል ውስጥ አላስገባም። ቡና የሚፈላው እዚህ ክፍት በረንዳ ላይ ነው። የበረደው ሰው ሦስተኛ ብርድ ልብስ ይጠይቀኝ» አሉ።

ባለቤቴ ስለ ምግቡ ጠየቀ። «የእኔ ሥጋ የክርስቲያን ነው፤ አላታልላችሁም። ለእናንተ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጨጨብሳ አለ። ሥጋ ካማራችሁ የሙስሊም ምግብ ቤት ሰፈሩን አሳያችኋለሁ።» መጠጥስ ይሸጣል? «አልሸጥም፤ ከሰካራም ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቶኛል።»

ከእነዚህ መልሶች ውስጥ «ሁሉ ነገር አለ» የሚል አልነበረም። የሌለውን «የለም» አሉ፤ ያለውንም እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነገሩን። እማማ ወደ እኔ ዞር ብለው «ውረዱ፤ እዚህ እናድራለን» አሉ።

ገብሱ

ቅዳሜ ወደ በቆጂ ወጣን። መንገዱ በጉም ተሸፍኖ መኪናችን መብራት አብርታ ነበር የምትሄደው። ጉሙ ሲገለጥ በሁለቱም በኩል ከጉልበት ያልዘለለ ገብስና ስንዴ ይታያል። በዝናቡ ውስጥ ወጣቶች በሰልፍ ሲሮጡ አገኘናቸው። በቆጂ የሯጮች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ እንዲሁም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህ አካባቢ የወጡ ናቸው። በ1996 በአትላንታ በማራቶን ወርቅ ያገኘችው እህታችን ፋጡማ ሮባም የዚሁ ምድር ልጅ ናት። ልጄ ይህን ስትሰማ መስኮቱን ከፍታ ለሚሮጡት ልጃገረዶች እጇን አውለበለበች።

የእማማ ወንድም ልጅ ቂሙን ረስቶ በደጅ ቆሞ ጠበቀን። በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮና ትኩስ ወተት ቀረበ። እኔ ከአራሷ ጋር ተቀምጬ ሕፃኑን አቀፍኩ፤ ከዚያ በፊት ስሙን ብቻ ነበር የማውቀው። ከምሳ በኋላ እማማ ጃንጥላ ይዘው ወደ ማሳው ዳር ወረዱ። ትንሹ ልጄ እጃቸውን ይዞ ነበር። ጎንበስ ብለው የገብሱን ቅጠል በመዳፋቸው አሹና አሸተቱት። ከዚያ የልጁን አፍንጫ ስር አደረጉት። «ምን ይሸታል?» አሉት። «ሣር» አላቸው። ሳቁና «ጊዜ አለህ፤ ትለምደዋለህ» አሉት።

ማታ ወደ ፔንሲዮኑ ስንመለስ በረንዳው ላይ ቡና ተፈልቶ ጠበቀን። ክፍሉ አልሞቀም፤ አልጋው ግን ደረቅ ነበር፤ ሦስት ሦስት ብርድ ልብስ ደርበን ተኛን። ከንጋቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ተከናንበው እንፋሎት የሚወጣበት ባልዲ ይዘው ቆመዋል። «እናትዬ፣ ውኃዎ» አሉ። እማማ ውዱእ ሲያደርጉ ከፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ እሳት ባለበት አዳራሽ ፎቶ ላይ አላየሁትም። እኔም በዚያ ሌሊት፣ ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የማንንም ውኃ ሳላሞቅ ለሱብሒ ተነሳሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በስልክ አቅርቡ፤ መልሱን ከፎቶው አስበልጡ።

1. የቦታው ከፍታ ስንት ነው? ለአንድ አልጋ ስንት ብርድ ልብስ ይሰጣል? ክፍሉ በክረምት እርጥበት ያስገባል ወይ?

2. መብራት ሲጠፋ ውኃው በምን ይሞቃል? በስንት ሰዓትስ ይገኛል?

3. ክፍሉን በምን ታሞቃላችሁ? «በከሰል» ካሉ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የእሳት ምድጃ አለ ካሉም ጭስ ማውጫው እንደሚሠራ አረጋግጡ።

4. ሥጋው የማን ነው? ሐላል ካልሆነ ያለ ሥጋ ምን አለ? ቁርስ ማን ያዘጋጃል?

5. መጠጥ ቤቱ ከመኝታው ምን ያህል ይርቃል? ሙዚቃውስ ስንት ሰዓት ይቆማል?

6. በክረምት መንገዱ ለትንሽ መኪና ይሆናል ወይ?

ሰባተኛው ጥያቄ የሚቀርበው ለባለ ሆቴሉ ሳይሆን ለራሳችሁ ነው። ከመካከላችን ብርዱን የማይችለው ማነው? ዓመቱን ሙሉ ያላረፈውስ? ምርጫውን ለእነሱ ስጡ፤ የእነሱን ጥያቄም አስቀድሙ። እኛ የእማማን ጥያቄ በሳቅ ባናልፈው ኖሮ ያችን የመጀመሪያ ሌሊት ባላየናት ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ጉዞአችሁን የሰላም፣ ማደሪያችሁን የደኅንነት ያድርግላችሁ። በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችንን የምንንከባከብ ልጆች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።